ጥናት ያላየውን ሠራተኛ ሕግ አያውቀውም

ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂና ስለ ሥራ የሚጻፉ ጥናቶች የአገሮችን ሕግና የቤተሰብን ምክር ቀይረዋል። የናታንያ ሠራተኞችስ እዚህ ውስጥ የት ናቸው? (ትንተና)

በናታንያ ባሕር ዳርቻ ያሉት ምግብ ቤቶች አመሻሽ ላይ ሥራ ሲበዛባቸው፣ ከአስተናጋጁ እኩል የሚሯሯጠው በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚመጣው ምግብ አድራሽ ነው፤ በዕብራይስጡ «ሻሊያህ» የሚባለው። አለቃው ስልኩ ነው። የትኛው ትእዛዝ ለማን እንደሚደርስና ስንት ሰቅል እንደሚከፈልበት የሚወስነው ስልኩ ውስጥ ያለው ስሌት ነው። ከባሕሩ ራቅ ብሎ፣ በቂርያት ኖርዳውና በሔፍጺባ ሰፈሮች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ልጅ ከጦር ሠራዊት ሲመለስ ምን ይማር? የሚያዋጣው ኮምፒውተር ነው? ነርስነት ነው? ወይስ ዝም ብሎ ሥራ ይግባ?

ሁለቱ ጉዳዮች ላይ ላዩን ሲያዩአቸው የሚገናኙ አይመስሉም። ነገር ግን በሁለቱም ላይ ብዙ ተጠንቷል፣ ብዙም ተጽፏል። ላለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂና ስለ ሥራ የወጡ ጥናቶች ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥተው የመንግሥታትን ዕቅድ፣ የፓርላማዎችን ሕግና ወላጆች ለልጆቻቸው የሚሰጡትን ምክር ነክተዋል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ ጥናቶቹ ያን ሁሉ ኃይል ያገኙት ትክክል ስለሆኑ ነው ወይስ ብዙ ስለተወራላቸው? ደግሞስ ማንን አይተው ማንን ሳያዩ አለፉ?

ናታንያ ይህን ለመጠየቅ ጥሩ ቦታ ናት። በእስራኤል ካሉ ከተሞች ሁሉ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጅ የሚኖርባት እሷ ናት፤ ቁጥሩ 12 ሺህ ገደማ ይደርሳል። በአገር አቀፍ ደረጃ ማኅበረሰቡ ከ170 ሺህ ሰው የማያንስ ነው። ካደጉ በኋላ ወደ አገሪቱ ከገቡት መካከል ብዙዎቹ በጽዳት፣ በጥበቃና አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ቤተሰብ አሳድገዋል። እዚሁ ተወልደው ወይም ተምረው ያደጉት ደግሞ ወደ ኮሌጅ፣ ወደ ቢሮና ወደ ሃይ-ቴክ በር እያንኳኩ ነው። ተመራማሪዎቹ «ማሽን ይተካዋል፣ አይተካውም» እያሉ የሚከራከሩት ስለነዚሁ ሥራዎች ነው።

አንድ ቁጥር ዓለምን ሲዞር

እ.ኤ.አ. በ2013 ካርል ፍሬይና ማይክል ኦስቦርን የተባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። መደምደሚያው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ በአሜሪካ ካለው ሥራ 47 በመቶው በአንድ ወይም በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በኮምፒውተር ለመተካት ከፍተኛ ዕድል አለው። ጥናቱ በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። በምሁራን ዓለም አንድ ጥናት «ተጽዕኖ አለው» የሚባለው በዋናነት በዚህ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ይቆጠራል። 47 የሚለው ቁጥርም ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ፣ ከሚኒስቴር ወደ ሚኒስቴር ተላለፈ።

ቁጥሩ የተሠራበትን መንገድ ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። ተመራማሪዎቹ 702 የሙያ ዓይነቶችን ወሰዱ። ከነዚህ ውስጥ ባለሙያዎች ቁጭ ብለው «ይህ በማሽን ሊሠራ ይችላል፣ ይህ አይችልም» ብለው የመደቧቸው 70ውን ብቻ ነው። የቀሩትን የገመተው ኮምፒውተር ነው። ጥናቱ ራሱ ሥራዎቹ ይጠፋሉ አላለም፤ ቴክኒካዊ ዕድሉ አለ ነው ያለው። ሰው ለሰው ሲያወራው ግን «ዕድል አለው» የሚለው ወደቀና «ይጠፋል» የሚለው ቀረ።

ቁጥሩ እስራኤልም ደረሰ። በኢየሩሳሌም የሚገኘው ታውብ የምርምር ማዕከል በ2015 ተመሳሳዩን ዘዴ ተጠቅሞ፣ በአገሪቱ ከሚሠራው የሥራ ሰዓት 40 በመቶ ገደማው ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጠ ነው ሲል ገመተ። አደጋው ትምህርታቸውና ደሞዛቸው ዝቅ ያለ ሠራተኞች ላይ እንደሚከብድም ጠቆመ። ለጽዳትና ለጥበቃ ሠራተኛ ይህ ደስ የሚል ዜና አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እርማት መጣ። በ2016 ለኦኢሲዲ የተሠራ ጥናት፣ የኦክስፎርዶቹ ዘዴ አንድን ሙያ እንዳለ እንደሚቆጥር፣ በአንድ ሙያ ውስጥ ያሉትን የተለያዩ ተግባራት ግን እንደማይለይ አሳየ። በየተግባሩ ሲቆጠር በ21 አገሮች አማካዩ 9 በመቶ ብቻ ሆነ። በ2018 ሌላ የኦኢሲዲ ጥናት 32 አገሮችን አይቶ 14 በመቶ አለ፤ ሌላ 32 በመቶ የሚሆነው ሥራ ደግሞ ይዘቱ በብዙ ይቀየራል እንጂ አይጠፋም ብሎ ገመተ።

የተግባር ነገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዴቪድ ኦተር፣ ፍራንክ ሌቪና ሪቻርድ መርኔን የተባሉ የአሜሪካ ምሁራን በ2003 ባወጡት ጽሑፍ፣ ኮምፒውተር የሚተካው ሥራን ሳይሆን በሥራ ውስጥ ያለውን ተደጋጋሚና በደንብ የሚገለጽ ተግባር ነው ብለው ነበር። የካንዮን በር ላይ የቆመ ጥበቃ ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ቦርሳ ማየቱ ተደጋጋሚ ነው፤ የተናደደን ሰው ማብረድ፣ የጠፋ ሕፃን ማረጋጋት፣ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ በዓይን መለየት ግን ተደጋጋሚ አይደለም።

እንዲህም ሆኖ 9 እና 14 የሚሉት ቁጥሮች እንደ 47ቱ አልተወራላቸውም። የሚያስደነግጥ ቁጥር እግር አለው፤ እርማቱ ግን ቤቱ ይቀራል።

ሠንጠረዡ ተገለበጠ?

የ2013ቱ ጥናት መጨረሻ ላይ ረጅም ሠንጠረዥ አለ። በዚያ ላይ የጥበቃ ሠራተኛ በኮምፒውተር የመተካት ዕድሉ 84 በመቶ ነው። የጽዳት ሠራተኛ 66 በመቶ፣ የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ደግሞ 97 በመቶ። የሶፍትዌር አልሚ ግን 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ጥበቃው ይስጋ፣ ሶፍትዌር የሚሠራው ይተኛ።

ይህ መልእክት በእስራኤል ሰሚ አላጣም። ሃይ-ቴክ በ2023 ከአገሪቱ ምርት አንድ አምስተኛውን፣ ወደ ውጭ ከሚላከው ደግሞ ከግማሽ በላዩን ይዞ ነበር። «ልጄ ሃይ-ቴክ ይግባልኝ» የማይል ወላጅ የለም፤ ምክንያትም አለው። እንደ ቴክ-ካሪየር ያሉ ድርጅቶች ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው የማኅበረሰቡን ወጣቶች ለዚህ ዘርፍ ሲያሠለጥኑ ቆይተዋል፤ በዚህም በኩል ብዙ ቤተሰብ ኑሮው ተለውጧል።

አሁን ደግሞ ጥናቶቹ ሌላ ነገር እያሳዩ ነው። በኦገስት 2025 ኤሪክ ብሪንዮልፍሰንና ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በአሜሪካ ትልቅ የደሞዝ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ጥናት አወጡ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በብዛት በሚነካቸው ሙያዎች፣ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 25 የሆኑ ሠራተኞች ቁጥር ከሌሎቹ አንጻር 13 በመቶ ቀንሷል። በዚያው የዕድሜ ክልል ያሉ የሶፍትዌር ሠራተኞች በ2022 መጨረሻ ከነበሩበት ወደ 20 በመቶ ገደማ አንሰዋል። የጤና ረዳቶችን በመሳሰሉት ሙያዎች ግን የወጣቶቹ ሥራ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። በሙያው የቆዩትም ቢሆኑ ያን ያህል አልተነኩም።

ይኸው ብሪንዮልፍሰን ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር በ2023 ያወጣው ጥናት ደግሞ ተስፋ ሰጪ ነበር። ከ5 ሺህ በላይ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞች ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲሰጣቸው ምርታማነታቸው በአማካይ በ14 በመቶ አደገ። ጀማሪዎቹ በ34 በመቶ አደጉ፤ ልምድ ያላቸው ግን ብዙም አልተቀየሩም። ታዲያ የቱ ነው እውነቱ? ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ያየው ሥራ ውስጥ የገባውን ጀማሪ ነው፤ ሁለተኛው ያየው ገና በር ላይ የቆመውን ነው። መሣሪያው ውስጥ ያለውን ይረዳል፤ ቀጣሪው ግን በዚያው መሣሪያ ምክንያት አዲስ ጀማሪ ላይቀጥር ይችላል።

ይህም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። በኦክቶበር 2025 የዬል ዩኒቨርሲቲ የበጀት ጥናት ማዕከልና ብሩኪንግስ ተቋም ያወጡት ትንተና፣ ቻትጂፒቲ ከወጣ በኋላ በአሜሪካ የሥራ ገበያ በአጠቃላይ ጎልቶ የሚታይ መናጋት እንዳልተገኘ ገልጿል። አንዱ ያየው ጠባብ የሆነ የወጣቶች ቡድን ነው፤ ሌላው መላውን ገበያ። በናታንያ ላለ ወላጅ ከዚህ የሚወጣው ምክር «ኮምፒውተር ተው» የሚል አይደለም። አንድ ሠንጠረዥ ይዞ የልጅን ሕይወት መወሰን እንደማያዋጣ ግን ያሳያል። የ2013ቱን ሠንጠረዥ አምኖ ኮርስ የመረጠ ወጣት ዛሬ ሥራ ፍለጋ ላይ ከሆነ፣ ችግሩ ስንፍናው አይደለም።

ከ21 ሾፌሮች እስከ አውሮፓ ሕግ

ሁሉም ጥናት ግን የሚያስደነግጥ ቁጥር ይዞ አልወጣም። ሥራ ይጠፋል አይጠፋም የሚለውን ትቶ «ሥራው እንዴት ነው የሚመራው?» ብሎ የጠየቀ ሌላ የምርምር መስመር አለ። የተወራለት ያነሰ ነው፤ የሠራው ሥራ ግን ይበልጣል ማለት ይቻላል።

በ2015 ሚን ክዩንግ ሊና የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ በአንድ ጉባኤ ላይ አጭር ጽሑፍ አቀረቡ። ያነጋገሩት ለኡበርና ለሊፍት የሚነዱ 21 ሾፌሮችንና ጥቂት ተሳፋሪዎችን ነበር። ሾፌሮቹ አለቃቸው አልጎሪዝም መሆኑን፣ የሚመደብላቸው ሥራ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እንደማያውቁ፣ የተሳፋሪ ነጥብ ሲቀንስባቸው የሚያስረዱት ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን የአሠራር ዓይነት የአልጎሪዝም አስተዳደር አሉት።

ስም የሌለው ነገር ክስ አይቀርብበትም። ስሙ ከወጣ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ያዙት፤ አሌክስ ሮዘንብላት የኡበር ሾፌሮችን ለዓመታት ተከታትላ በ2018 መጽሐፍ አወጣች። በዚያው ዓመት አካባቢ በማርክ ግራሃም የሚመራው የኦክስፎርዱ ፌርወርክ ፕሮጀክት ኩባንያዎችን በአምስት መለኪያዎች፣ ማለትም በክፍያ፣ በሥራ ሁኔታ፣ በውል፣ በአስተዳደርና በውክልና፣ ከ10 ነጥብ እየሰጠ ማወዳደር ጀመረ። ፕሮጀክቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ተሠርቷል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩ ታክሲዎች ሾፌሮችም የጥናት ርእስ ሆነዋል ማለት ነው።

ሕጉም ተከተለ። በፌብሩዋሪ 2021 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኡበር ሾፌሮች «ነጻ ነጋዴዎች» ሳይሆኑ ዝቅተኛ ደሞዝና የዕረፍት ክፍያ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ውሉ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን መተግበሪያው ሾፌሩን በተግባር እንዴት እንደሚቆጣጠረው ተመለከተ። ወር ሳይሞላ ኩባንያው በብሪታንያ ላሉት ከ70 ሺህ በላይ ሾፌሮች እነዚህን መብቶች እንደሚሰጥ አስታወቀ። ስፔንም በዚያው ዓመት ስለ ምግብ አድራሾች ሕግ አወጣች።

በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ስለ መተግበሪያ ሥራ መመሪያ አጸደቀ። በመመሪያው ውስጥ የአልጎሪዝም አስተዳደር የሚል ሙሉ ምዕራፍ አለ። በዚያ መሠረት የሠራተኛን አካውንት የሚዘጋ ወይም ከሥራ የሚያባርር ውሳኔ በማሽን ብቻ ሊሰጥ አይችልም፤ ሰው መወሰን አለበት። ሠራተኛውም ምክንያቱ እንዲነገረው መጠየቅ ይችላል። አባል አገሮች ይህን እስከ ዲሴምበር 2, 2026 በየሕጋቸው እንዲያስገቡ ታዝዘዋል። ከ21 ሾፌሮች ጋር የተደረገ ውይይት ሕግ እስኪሆን ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ጥናቱ ብቻውን አላመጣውም፤ ሾፌሮች ተከራክረዋል፣ ማኅበራት ታግለዋል። ይሁን እንጂ የተከራከሩበትን ቋንቋ የሰጣቸው ጥናቱ ነው።

ወደ እስራኤል ሲመጣ

እስራኤል የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ስለዚህ መመሪያው በናታንያ ጎዳና ለሚጋልበው ምግብ አድራሽ አይደርስም። የሚገርመው ግን ሐሳቡ ለእስራኤል እንግዳ አለመሆኑ ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ሕግ ፕሮፌሰር የሆነው ጋይ ዳቪዶቭ፣ ማን ሠራተኛ እንደሆነ ለመወሰን የሕጉን ዓላማ መጠየቅ እንደሚገባ በ2016 በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ባወጣው መጽሐፍ አስረድቷል፤ በ2017ም ይህንኑ አካሄድ በኡበር ሾፌሮች ጉዳይ ላይ ተጠቅሞ ጽፏል። የእስራኤል የሥራ ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ የሚያዩት ውሉ ላይ የተሰጠውን ስም ሳይሆን ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ነው። ነገር ግን ይህ በየጉዳዩ የሚታይ ነው፤ ከመነሻው «ሠራተኛ ነው» ብሎ የሚገምት እንደ አውሮፓው ያለ ሕግ የለም።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። እስራኤል ውስጥም የሚሠራው ቮልት የፊንላንድ ኩባንያ ሆኖ ነው የተመሠረተው። በሜይ 2025 የፊንላንድ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የቮልት ምግብ አድራሾች ተቀጣሪ ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወስኗል። አንድ ዓይነት ብስክሌት፣ አንድ ዓይነት መተግበሪያ ይዞ፣ አንዱ ሄልሲንኪ ሌላው ናታንያ ስለሆነ ብቻ መብቱ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

በእስራኤል ሕግ ተቀጣሪ የሆነ ሰው የሕመም ፈቃድ፣ የጡረታ መዋጮ፣ ሲሰናበት ካሳ፣ ሥራ ሲያጣ ደግሞ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የሥራ አጥ ክፍያ ይጠብቃል። «አጽማኢ»፣ ማለትም በግሉ የሚሠራ ተብሎ የተመዘገበ ግን የሥራ አጥ ክፍያ የለውም፤ ጡረታውንም ራሱ ነው የሚከፍለው። የሥራ ላይ አደጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በግሉ የሚሠራ ሰው በአደጋ ጊዜ መድን የሚኖረው ከአደጋው በፊት በቢቱዋህ ሌኡሚ እንደ አጽማኢ ተመዝግቦ ከነበረ ነው። በዝናብ ቀን ከብስክሌት ወድቆ እጁ የተሰበረ ልጅ ያልተመዘገበ ከሆነ ወሮቹን ያለ ገቢ ሊያሳልፍ ይችላል። ምክሩ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ምዝገባ፣ ከዚያ ብስክሌት።

የእስራኤል ሕግ የተረሳን ሠራተኛ ሲያይ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ ግን አለ። በ2011 የወጣው የሥራ ሕጎችን አፈጻጸም የሚያጠናክረው ሕግ፣ በካብላን በኩል ለሚቀጠሩ የጽዳት፣ የጥበቃና የምግብ ዝግጅት ሠራተኞች መብት ኃላፊነቱን ካብላኑ ላይ ብቻ አልተወውም፤ አገልግሎቱን ያዘዘው ድርጅትም እንዲጠየቅ አደረገ። በፌብሩዋሪ 2012 ደግሞ ሂስታድሩት ስለ ካብላን ሠራተኞች አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ሦስቱ ዘርፎች በሕጉ በስም የተጠሩት በድንገት አይደለም። በዘርፎቹ የሚፈጸመው በደል ለዓመታት ተጽፎበት፣ ተቆጥሮ፣ ተነግሮለት ነበር። ከማኅበረሰቡ በጽዳትና በጥበቃ የሚሠሩ እናቶችና አባቶች ከዚህ ተጠቅመዋል። ምግብ የሚያደርሰው ልጃቸው ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ከማሽኑ ጀርባ ያለው ሰው

የጥናቱ ዓለም ራሱ ዓይኑን የከፈተው ከውስጡ በወጡ ሰዎች ጭምር ነው፤ ከነሱም አንዷ የአዲስ አበባዋ ተወላጅ ትምኒት ገብሩ ናት። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ከፊት ፎቶ ጾታን የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ፕሮግራሞች ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ግን ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ እንደማይበልጥ አሳየች። ነገሩ ከሥራ ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ በብሪታንያ አንድ ጥቁር ምግብ አድራሽ የመተግበሪያው የፊት ማረጋገጫ በተደጋጋሚ አልቀበል ብሎት አካውንቱ ተዘግቶ፣ በ2024 ጉዳዩ በክፍያ ስምምነት ተቋጭቷል። የእስራኤል መተግበሪያ ሠራተኛም ፊቱን ለካሜራ አሳይቶ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ሲመጣ፣ ይህ ጥናት የቤቱ ጉዳይ ይሆናል።

ትምኒት ከጉግል ጋር በ2020 መጨረሻ ከተለያየች በኋላ የራሷን የምርምር ተቋም መሥርታለች። በ2022 ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በጻፈችው ጽሑፍ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር ከጀርባው በትንሽ ክፍያ የሚሠሩ ብዙ ሺህ ሰዎች እንዳሉት አስታወሰች። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ አማርኛ ተናጋሪዎችም አሉ። በናይሮቢ ለፌስቡክ አስቀያሚ ምስሎችንና ጽሑፎችን ሲያጣሩ ከነበሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል፤ በ2023 ከ180 በላይ የሚሆኑ አጣሪዎች ከሥራ መባረራቸውን በኬንያ ፍርድ ቤት ተከራክረውበታል። አማርኛ ፖስት ሲጠፋ ወይም ሳይጠፋ ሲቀር «ማሽኑ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሰው ነው።

መቆጠር

ሥራን በሚመለከት በብዛት የሚጠቀሱት ጥናቶች የሚሠሩት በአሜሪካና በአውሮፓ መረጃ ነው። መረጃው እዚያ ስላለ ነው እንጂ ችግሩ እዚያ ብቻ ስላለ አይደለም። በእስራኤልም ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ የስግድ በዓል ሲቃረብ ስለ ኢትዮጵያ ተወላጆች መረጃ ያወጣል፤ በዋናነት የሕዝቡ ቁጥር፣ የሚኖሩባቸው ከተሞች፣ ጋብቻና ትምህርት ይነገራል። ታውብ ማዕከልም በ2015 ስለ ማኅበረሰቡ ትምህርትና ሥራ ባወጣው ጥናት፣ እስራኤል ውስጥ የተማሩት ከወላጆቻቸው ትውልድ በብዙ እንደተሻሻሉ፣ ነገር ግን ዲግሪ ያላቸው ድርሻ ከሌላው አይሁዳዊ ሕዝብ ግማሽ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። እንዲህ ያለው መረጃ ለምክር ቤትና ለበጀት ክርክር ጠቅሟል። የሚቀጥለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ከነዚህ ወጣቶች ስንቱ በመተግበሪያ ይሠራል? ስንቱ አጽማኢ ነው? ስንቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚነካው የመጀመሪያ ደረጃ ሥራ ላይ ነው?

ይህን ለመጠየቅ ስታንፎርድ መሄድ አያስፈልግም። ናታንያ አካዳሚክ ኮሌጅ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱና የማኅበረሰብ ማዕከላቱ ሠራተኞችም ቤተሰቦቹን በስም ያውቃሉ። ሃያ አንድ ሾፌሮችን አነጋግሮ የተጻፈ ጽሑፍ አውሮፓ ድረስ ከሄደ፣ ከቂርያት ኖርዳው ሃያ አንድ ወጣቶችን ማነጋገር ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የማይሞከር ሥራ አይደለም። አማርኛም ዕብራይስጥም የሚያውቅ ተማሪ ከሆነ ደግሞ እናትየውንም ልጁንም መስማት ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። አንድ ሰው «ጥናት እንዲህ ይላል» ሲል ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፦ የየት አገር መረጃ ነው? የስንት ዓመት ነው? የተቆጠረው ሙያው በሙሉ ነው ወይስ በውስጡ ያለው ተግባር? በመተግበሪያ የሚሠራ ደግሞ የሠራበትን ሰዓት፣ የተከፈለውን፣ የደረሰውን መልእክትና አካውንቱ የተዘጋበትን ማስታወቂያ ፎቶ እያነሣ ያስቀምጥ። የብሪታንያ ሾፌሮች ፍርድ ቤት ሲቆሙ የረዳቸው መተግበሪያው በተግባር የሚያደርገውን ማሳየት መቻላቸው ነው፤ የእስራኤል ፍርድ ቤትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የአውሮፓ አገሮች መመሪያውን በየሕጋቸው ሲያስገቡ ክኔሴት ውስጥም «እኛስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ የሚቀርቡ ወረቀቶች ይኖራሉ። የኩባንያዎቹ ቁጥር በእርግጥ ይቀርባል፤ እነሱ መረጃ አያጡም። የናታንያ ምግብ አድራሽ፣ ጥበቃና ጀማሪ ፕሮግራመር እዚያ ጠረጴዛ ላይ መኖር አለመኖራቸው የሚወሰነው ግን ከአሁን ጀምሮ ማን ቆጥሯቸው፣ ማን ጽፎላቸው እንደሆነ ነው።